ያልተባለው አሚን

"አሚን ካሉ አለቀ። አሚን ያለ ሰው ተመልሶ አልሰማሁም አይልም።"

ይህን ያለው የገዛ ወንድሜ ዩሱፍ ነው። የሰማሁት ደግሞ እኔ ኡምኩልሱም፣ በጠዋቱ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ ባዘቶ ስጠቀልል ነው። ቤታችን አባታችን የተወልን አንድ ቤት ነበር። እሱ ሲሞት መሐል ለመሐል በጭቃ ግድግዳ ከፈልነው፤ በመንገድ በኩል ያለውን ከነሽመና ጉድጓዱ ዩሱፍ ወሰደ፣ የጓሮው ለኔ ደረሰኝ። ግድግዳው ባለፈው ክረምት ምርጊቱ ረግፎ ጭራሮው ወጥቷል፣ እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳም አለው። "አያ፣ ኧረ ይህን ነገር አስመርገው" እለዋለሁ። "እሺ፣ ከአዝመራ በኋላ" ይለኛል። አዝመራው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ግድግዳው እንዳለ ነው። እዚያ ማዶ ያስነጠሰውን እዚህ ሆኜ "የርሐሙከላህ" እለዋለሁ። ያን ጠዋት ግን ያስነጠሰ አልነበረም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት፤ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ ጆሮ ይቆማል።

አብሮት የነበረው ሐጂ ጀይላን ነው። ከሚሴ ውስጥ ሐጂ ጀይላንን የማያውቅ የለም፤ በደሴ መንገድ ላይ ያለው ባለቆርቆሮ ሱቅ የሱ ነው፣ የክር ጭነት የያዘ ካሚዮንም የሚቆመው እሱ ደጅ ነው። ሐቁን ልናገር፣ ሰውየው ክፉ አይደለም። የሞተበት ቤት ቀድሞ ይደርሳል፣ የቸገረው ሰው ባዶ እጁን አይመልስም። ብቻ ሁሉም ነገር በእጁ ካላለፈ እንቅልፍ አይወስደውም። ያመጣው ምክር እንዲህ ነው፦ ከእንግዲህ ሸማኔው ሁሉ ድሩንም ማጉንም፣ የፋብሪካውን ክር፣ ከሐጂ ይወስዳል። የሠራውን ጋቢና ሽርጥ ለሐጂ ያስረክባል። ባቲ አይወርድም፣ ሰንበቴ አይሻገርም፣ ሌላ ገዢ አያይም። "አንድ በር" ብሎ ስም አወጣለት። እኛስ፣ ማጉን በእጃችን የምንፈትለው ሴቶች? በእጅ የተፈተለ ክር በዚያ በር አይገባማ! ሸማኔዎቹ ሁለት ጊዜ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ተከራክረውበታል። ግማሹ ይሁን አለ፣ ግማሹ "እህቶቻችን ምን ይብሉ?" አለ፤ ሳይስማሙ ተበተኑ።

ስለዚህ ሐጂና ወንድሜ ዘዴ ፈጠሩ። የዚያን ዕለት ከቀትር በኋላ፣ አስር ሶላት ሲያበቃ፣ በሐጂ ቤት ወዳጃ ነበር፤ ሰዉ ተሰብስቦ ጫቱን ይዞ ለዱዓ የሚቀመጥበት ማለት ነው። ዱዓውን የሚያደርጉት ሸኽ ሙሀመድኑር ናቸው። ሸኹ ጆሯቸው ደክሟል፤ የየሰዉን ሐጃ፣ የታመመ ያለውን፣ መንገደኛ ያለውን፣ በደህናው ጆሯቸው የሚነግራቸው ወንድሜ ነው። በዚያ መሐል ይችን "አንድ በር" ሹክ ሊላቸው ነው። እሳቸው ዱዓ ያደርጉባታል፣ ሰዉም እንደ ልማዱ አሚን ይላል። ዱዓ ተደርጎ አሚን የተባለበት ነገር ደግሞ በኛ አገር ተመልሶ አይነሳም፤ ያነሳው ሰው ይፈራለታል እንጂ አይሰማም።

እስቲ ማን ነው አሚን ሲል የሚሰማው? የሸኹ ቃል ገና ሳያልቅ አፋችን ከፈት ይላል። እኔ ራሴ የተዳርኩት በአሚን ነው። አባቴ በአንድ ወዳጃ ላይ "ልጄን ለባቲው ለዓብዱ ያድርግልኝ" ብሎ ሐጃውን ሲያስነግር፣ እኔ ከኋላ ከጓደኛዬ ጋር ስሾካሾክ ቆይቼ፣ ከሴቱ ሁሉ በላይ ጮኼ "አሚን!" አልኩላችሁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። "ይች ልጅስ ቸኩላለች" ተባልኩ። ዓብዱ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ደግ ባል ነበር፤ አልጠላሁትም። ግን የመለሰው አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። አሁን ደግሞ በእንጀራዬ? ወላሂ አይሆንም!

ሐጂ ሲወጣ ፍም ልወስድ ነው ብዬ ወደ ወንድሜ ቤት ዞርኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጓል፣ መወርወሪያውን ግን አልያዘም። "አካም ቡልቴ?" ብዬ እንደ ወትሮው አዳሩን ጠየቅኩት። "ናጋ" አለኝ፣ ቀና ሳይል። ቤቱ ውስጥ ያለው ያው የማውቀው ነው፤ የአባታችን ቁርበት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ደጋን፣ ከጉድጓዱ አጠገብ በቅርጫት የተቀመጠው የኔ ልቃቂት። ያን ልቃቂት ዐየዋለሁ፣ እሱም እንዳየሁት ያያል። ባለፈው ክረምት ቦርከና ሞልቶ መንገዱ ሲቆረጥ የፋብሪካ ድር ጠፍቶ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ነበር፤ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ሐጂም "የሸማኔው አለቃ አንተ ትሆናለህ፣ ክር አይጎድልብህም" ብሎታል። አዘንኩለት፣ እንዳልዋሽ። ግን እንደ እህት የሚያዝን ልብና እንደ ተበዳይ የሚናደድ ልብ አንድ ደረት ውስጥ ሲገቡ ሰው መናገር ያቅተዋል። ፍሜን ይዤ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ስደርስ "ወዳጃው ላይ ትመጫለሽ?" አለኝ። "እንዴት እቀራለሁ" አልኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት ዘምዘም ዘንድ ነው። ዘምዘም አራስ ናት፤ ጎጆዋ ጠባብ፣ አልጋዋ የጭቃ መደብ፣ ሕፃኑ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ አጠገቧ ተኝቷል። ከራስጌዋ የክር ቅርጫቷ አለ፤ ተኝታም ሙሉ ነው። የኛ ደንብ እንዲህ ነው፦ አንዷ ስትወልድ ወይ ስትታመም ሌሎቻችን ከየልቃቂታችን እየቀነስን የሷን እንሞላለን፣ ሸማኔውም እንደ ራሷ ፈትል ቆጥሮ ይወስድላታል። የዚያ ሳምንት ሙሚና ሞልታላት ነበር፤ ሙሚና የምትፈትለው ወፈር ስለሚል ማጉ ያስታውቃል፣ "ይሄ የኔ ነው ብል ማን ያምነኛል!" ብላ ዘምዘም ትስቃለች። የሰማሁትን ስነግራት ሳቋ ቆመ። "በሐጂ በር አንድ ሳምንት የቀረ ሸማኔ ድርሻው ለሌላ ይሰጣል ብለዋል እኮ" አለችኝ፤ "ባሌ ነግሮኛል። የታመመውን ማን ይሞላለታል?" ማንም። የታመመ ወደቀ፣ ሌላ ይተካበታል፣ በቃ። ሕፃኑን አንስታ አቀፈችው። "እኔ ከመደብ አልነሳም፣ እናንተ ግን ዝም እንዳትሉ" አለችኝ።

ነገሩ ግን ዝም ማለቱ ላይ ነበር፤ ያን የነገሩኝ እማማ ዓዲላ ናቸው። እማማ ዓዲላ የሴቶቹ ዱዓ መሪ ናቸው፣ ዱበርቲ፤ የሳቸው ምርቃትም እርግማንም መሬት አይወድቅም ይባላል። ከመስጊዱ ጀርባ ያለች ቤታቸው ውስጥ ፀሐይዋ ባለችበት ጥግ ተቀምጠው፣ ጥጡን በድንጋይና በብረት እየዳመጡ ፍሬውን ሲለዩ አገኘኋቸው። ሳላርፍ ተናገርኩ፤ ወዳጃው መሐል ተነስቼ እጮኻለሁ፣ ሐጂንም ወንድሜንም አዋርዳለሁ አልኩ። ብረቱን አቆሙ።

"ጩኺ" አሉኝ። "ከዚያ 'ሴት ወዳጃ በጠበጠች' ይሉሽና የሐጂ ነገር ቀርቶ ያንቺ ነገር ይወራል። ኤዬ፣ ያውቁበታል።"

"ታዲያ ዝም ልበል?"

"አዎ! ዝም በዪ። ግን ሁላችሁም። አሚን ያለን ሰው ይይዙታል፤ ዝም ያለን ማን ይከሰዋል?"

ከዚያ የጣሊያንን ጊዜ አወሩልኝ። የባሕር ማዶ ክር እንደ ጉድ ገባ፣ ሴቱም "እጃችን ዐረፈ" ብሎ እንዝርቱን ጣለ። ጣሊያን ሲወጣ ክሩም አብሮት ወጣ። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አንጠልጥሎ ቀረ፤ የሚለብሱት ጠፍቶ ሰዉ ከፈን ሲቸግረው ያዩት እማማ ዓዲላ ናቸው። "እኔ እንዝርቴን አልጣልኩም ነበር" አሉ። "እኔና ሌሎች ሦስት አራት ግትር ሴቶች። ኸዚያ ነው እንደገና የተጀመረው። የፋብሪካውን ክር አልጠላም፣ ለድር ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ነው። ግን አንድ በር ያለው ቤት እሳት ሲነሳበት መውጫ የለውም።"

ጉዱ ያለው ግን አፋችን ላይ ነው። ቤት ለቤት ዞሬ ለፈታዮቹ ሁሉ ነገርኩ። ሁሉም ተቆጡ፣ ሁሉም "ዝም እንላለን" አሉ፣ ሁሉም ደግሞ መልሰው "ኧረ አፌ ያመልጠኛል!" አሉ። ሙሚናማ ደረቷን እየመታች "እኔ እንኳ ዶሮ ስትጮህም አሚን እላለሁ" አለች፤ ሳቅን፣ ግን እውነቷን ነው። መቼ ዝም እንደሚባል ማን ይነግረናል? ለሌላው ሁሉ አሚን ማለት አለብን፤ ለአራሷ፣ ለዝናቡ፣ ለመንገደኛው አሚን ያላለች ሴት ምን ሙስሊም ናት? ዝም የሚባለው በዚያች በአንዲቷ ቃል ላይ ብቻ ነው። ዘምዘም መደብ ሥር ተቀምጠን ይህን ስናሰላስል እጄ ልማዱን ይዞ ክር ያጠነጥን ነበር፤ እጄን ዐየሁትና ገባኝ። አፍ አይታመንም። የፈታይ እጅ ግን ክር ሲሳብ ተኝታም ያውቃል። ከዘምዘም ቅርጫት ልቃቂት አነሳሁ፣ ክሩን ደርቤ ገመድኩት።

የሐጂ ቤት ሰፊ ነው፣ ቆርቆሮው አዲስ፣ ወለሉ በሰሌን የተነጠፈ። ወንዶቹ ፊት ለፊት፣ እኛ ከኋላ፤ በመካከል መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ያውም የፋብሪካ አቡጀዲ። ጫቱ ታድሏል። እኔ መጋረጃው ጠርዝ ላይ፣ በክፍተቱ የወንድሜን አፍና የሸኹን ጆሮ ከማይበት ቦታ ተቀመጥኩ። ክሩ ከጣቴ ተነስቶ በየሴቱ ጭን ላይ፣ በየነጠላው ሥር፣ በየጣቱ አንድ አንድ ዙር እየዞረ እስከ ግድግዳው ድረስ ሄዷል። ስስብ ዝም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ዱዓው ተጀመረ። ዩሱፍ ወደ ሸኹ ጆሮ ጎንበስ ይላል፣ ሸኹ እጃቸውን ዘርግተው በዚያ በሚንቀጠቀጥ ደግ ድምፃቸው ያነሱታል። "አራሷን ዘምዘምን በጤና አንሳልን!" አሚን! "ዝናቡን በወቅቱ አውርድልን!" አሚን! "ሰንበቴ የሄደውን በሰላም መልስልን!" አሚን! ቆርቆሮው ይጮኻል። ሙሚና ከሁሉ በላይ ናት፣ እንደፈራነው። ከዚያ ሐጂ ጀይላን ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሜ ጎንበስ አለ፤ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቆየ፣ ዐይኑም ወደ መጋረጃው መጣና ተመለሰ። ክሩን ሳብኩ።

"ያ ረቢ! አንድነቱን ስጠን! ክራችንን በአንድ በር አግባልን፣ ሸማችንን በአንድ በር አውጣልን፣ በሩንም የሐጂ ጀይላን በር አድርግልን!"

ክሩ ሙሚና ጋ ተበጠሰ! ቁጭ ብላበት ኖሮ። ከሷ ወዲያ ያሉት አልተሳቡም፤ አንዷ አሮጊት "አሚ..." ማለት ጀምራለች። ሙሚና ግን የተበጠሰ ክር መቀጠል አይደል ዕድሜ ልኳን የምትሠራው? የአሮጊቷን አፍ በመዳፏ ከደነች፣ የቀጣይዋን ጉልበት ያዘች፣ ያችም የቀጣይዋን፣ እስከ ግድግዳው። ከኛ ወገን ትንፍሽ ያለ የለም። ከወንዶቹ ጥቂቶች "አሚን" ብለው ጀመሩ፤ የሴቱን ድምፅ ከኋላቸው ሲያጡት እነሱም ሟሙ፣ ግማሹ ዞሮ ዐየ። እንዲህ ያለ ዝምታ ወዳጃ ላይ ሰምቼ አላውቅም።

ሸኹ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ጠበቁ። "አሚን በሉ እንጂ" አሉ። ዝም። "ምነው፣ ጆሮዬ ጭራሹን ሄደ?" ብለው ወደ ዩሱፍ ዞሩ። "ምን ነበር ያልኩት? የማን ሐጃ ነው?"

መስማት ለደከመው ሰው ሹክ ብሎ መመለስ አይቻልም፤ ሸኹም አሁን ፊት ለፊት እያዩት ነው፣ ጆሯቸውን አልሰጡትም። ወንድሜ ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት። አንገቱ ድረስ ቀልቶ "የአንድ በሩ ነገር ነው፣ ሸኽዬ" አለ። ጎረቤታችን ሸማኔው ፈረጅ ከወንዶቹ መሐል ብድግ አለና "ዋርካው ሥር ሁለት ጊዜ ተነጋግረንበት ያልተስማማንበት ነው፣ ሸኽዬ!" አለ፤ ፈረጅ መናገር የሚወድ ሰው አይደለም፣ የሴቱ ዝምታ ነው ያስነሳው። ሸኹ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። "ሰው ያልቋጨውን ነገር በአላህ ስም ልታስቋጩኝ ነው?" አሉ፣ ድምፃቸው አሁን አይንቀጠቀጥም። ዩሱፍ ሰሌኑን ዐየ። ሐጂ ጀይላን የመጠጫውን ውሃ አነሳና መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ሸኹ፣ ቤቱ እንዳይቀዘቅዝ ብለው ይሆናል፣ "ከሴቶቹ ወገን ሐጃ ያለው አለ?" አሉ።

"አለ!" አሉ እማማ ዓዲላ። እኔ ይህን አልጠበቅኩም፤ ዝም ብለን እንወጣለን ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ በዚያ በዱበርቲ ድምፃቸው ጀመሩ።

"ያ ረቢ! የዚህን ቤት ባለቤት፣ ሐጂ ጀይላንን፣ በዕድሜ በጤና አቆይልን!" አሚን! "ልጆቹን አሳድግለት!" አሚን! የፈዘዘው ቤት ሞቀ፣ ሐጂም የእንግዳ ተቀባይ ፊቱ ተመለሰለት። "ሱቁን በረካ አድርግለት!" አሚን! "በራችንን አብዛልን፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላውን ክፈትልን!" አሚን! "ድሩን ከሐጂ ቤት፣ ማጉን ከሴቶቹ ቤት አምጣልን!" አሚን! "ሸማኔው በወደደበት ይሽጥ፣ የወደቀውን ጓደኛው ያንሳው!"

"አሚን!"

ቆርቆሮው ተናጋ። እኔ ግን በክፍተቱ አንድ ሰው ብቻ ነበር የማየው። ሐጂ ጀይላን፣ እጁን ዘርግቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ቤቱ ባለቤት ከሁሉ አስበልጦ ጮኾ አሚን ብሏል። ያለውን የሰማው ካለ በኋላ ነው። ዐይኑ ተከፈተ፣ አፉም አልተገጠመም። ሸኹ ግን "አል-ፋቲሐ" ብለው ነበር፣ ሰዉም የዱዓውን መዝጊያ አድርሶ እጁን ፊቱ ላይ እያሳለፈ ነው፤ እሱም ምን ያድርግ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። ፈረጅ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ማን እንዳልሳቀ አላውቅም። ነውር ነው ትሉኝ እንደሆነ፣ ነውርነቱንስ ከማን ተማርነው? ያውም እነሱ በሹክሹክታ፣ እኛ ቆርቆሮ እስኪናጋ ጮኸን።

ሲመሻሽ ቤቴ ገብቼ የተበጠሰውን ክር እየቀጠልኩ ልቃቂቱ ላይ መለስኩት፤ የዘምዘም ነው፣ አይባክንም። ከግድግዳው ማዶ ዩሱፍ ገባ። ጉድጓዱ ውስጥ ሲወርድ ሰማሁ። ወንድምና እህት በአንድ ጭራሮ ግድግዳ ግራና ቀኝ ተቀምጠን፣ አንዳችን የሌላውን ትንፋሽ እየሰማን፣ ማን ይጀምር እንባባላለን።

"ኡሚ" አለ በመጨረሻ። በልጅነታችን ነበር እንዲህ የሚለኝ። "ጠዋት ሰምተሽኝ ነበር?"

"ሰምቼሃለሁ፣ አያ።"

"ነገ ግድግዳውን አስመርገዋለሁ" አለ ቀጥሎ።

"እንዳትነካው!" አልኩት።

ሳቀ ልበል ተነፈሰ እንጃ። መወርወሪያው አንድ ሁለቴ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። "ለጀመርኩት ጋቢ ማግ አነሰኝ" አለኝ፣ ድምፁ እንደ ማፈር እያለ። "ሌላ ያንቺ ልቃቂት አለ?"

ተነሳሁ። ምርጊቱ በረገፈበት፣ በጭራሮው መሐል ባለው ቀዳዳ የራሴን ልቃቂት ከነእጄ አሾለክሁት። እጁ እጄን ነካው፣ ቶሎም አልወሰደውም።

"እንካ፣ ያዝ" አልኩት። "ይኸም በር ነው።"